ሰንጋው ይጠየቃል፣ ወይኑ ያልፋል፦ የሥጋ ቤት እራት ጥናት

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ስም ያላቸው ምግብ ቤቶች የሚያሰናዱት አንድ የእራት ዓይነት አለ። እንግዳው ከመብላቱ በፊት ያነባል። ወረቀቱ ላይ አሳማው የተወለደበት መንደር፣ ያሳደገው ገበሬ፣ የበላው መኖ፣ አንዳንዴም በሕይወት ሳለ ምን ያህል ተዝናንቶ እንደኖረ ሰፍሯል። ከሥሩ የወይኑ ገድል ይከተላል፤ የበቀለበት ኮረብታ፣ የተለቀመበት ዓመት፣ የከረመበት በርሜል። ስፔኖች ነገሩን በሕግ አጽንተውታል። ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ የኢቤሪያ አሳማ የደረቀ ታፋ የሚሸጠው ከአራት ቀለማት በአንዱ ምልክት ታስሮ ነው፤ ጥቁሩ ምልክት ዘሩ ላልተቀላቀለና የኦክ ዛፍ ፍሬ እየለቀመ ለወፈረ አሳማ ብቻ የተከለለ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ወይን በተወለደበት ቦታ ስም እንዲጠራና ስሙንም ሌላ እንዳይነካበት በ1935 በሕግ ደንግገዋል።

ይህ እራት ወደ አገራችን ልምጣ ቢል አሳማው በር ላይ ይቀራል። ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ያለ ሽማግሌ ከተስማሙባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው። ለሆቴሎችና ለውጭ ዜጎች የሚያቀርቡ ጥቂት አርቢዎች መኖራቸው አይካድም፤ ሆኖም የአሳማ እራት አዘጋጅቶ ዘመድ አዝማድ የጠራ ሰው ለጥናታችን ናሙና ሊሆን የሚችለው በሌላ ርእስ ሥር ነው። ስለዚህ አሳማውን በክብር ሸኝተን በቦታው ሰንጋ ተክተናል። ወይኑ ባለበት ይቀጥላል።

ጥናቱ የተነሣው ከአንድ እንቆቅልሽ ነው። አንድ አዲስ አበቤ ሥጋ ቤት ሲገባ በሬውን እንደ ኬላ ፈታሽ ያፋጥጠዋል፤ ከየት መጣህ፣ መቼ ገባህ፣ ምን በልተህ ነው የወፈርኸው። ይኸው ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ወይን ሲቀርብለት የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቀዝቃዛ ነው?» ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ጉዳቱስ ምንድን ነው? እስካሁን ያጠናው አለመኖሩ የሚገርም አይደለም፤ ሊያጠና የሄደ ሁሉ በልቶ ነው የሚመለሰው።

የጥናቱ ዘዴ ቁጭ ብሎ መብላት ነው። ናሙናው ጋባዥ በተገኘ ቁጥር ይሰፋል፣ የወር መጨረሻ ሲቃረብ ይጠብባል። ይህንን እንደ ጉድለት የሚያዩ ምሁራን ቢኖሩ አጥኚው በራሳቸው ሒሳብ ጥናቱን ሊደግምላቸው ፈቃደኛ ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት። ሥጋ ቤት የምግብ ዝርዝር የለውም። ዝርዝሩ በር አጠገብ ተሰቅሏል፤ ግማሽ ጎኑ ወደ መንገድ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ያያል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ቆራጭ፣ ሚዛን፣ ጉቶ፣ ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ግድግዳ። ከመስታወቱ በላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሏል፤ ይህ ምልክት የስፔኖቹን አራት ቀለም ሁሉ ያስንቃል፤ ተሳስቶ የሚገባ የለምና። ከውስጥ ጠረጴዛዎቹ፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያው።

አራት ሰዎች ገብተው እንደተቀመጡ ሥልጣን ይከፋፈላሉ። አንዱ ጋባዥ ነው፤ ሥራው በኋላ ይመጣል። ሁለቱ ሕዝብ ናቸው። አራተኛው መራጭ ነው። መራጭ በምርጫ አይሾምም፤ ከመቀመጡ በፊት ይነሣል፣ በቃ። እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ተሰቀለው ሥጋ ይሄዳል፣ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ያያል፣ አንድ ቦታ በጣቱ ይነካል። ጣቱ ምን እንደነገረው እስከ ዛሬ በጽሑፍ የሰፈረ ነገር የለም።

«የየት አገር ነው?» ይላል።

«ጋሼ፣ የሐረር ነው። ዛሬ ጠዋት የገባ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ እርስዎን ልዋሽ?»

መራጩ ይረካል። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶም «የሐረር ነው፣ ዐይቼዋለሁ» ይላል። የሰማውን ወደ ያየው የሚለውጠው ይህ የስድስት እርምጃ መንገድ በዕውቀት ታሪክ ውስጥ ሊጠና የሚገባው ነው።

አጥኚው ይህን ጥያቄ ልዩ ልዩ ሰፈር ሲጠየቅ ሰምቷል። መልሱ ከሐረር ወደ ቦረና፣ ወደ አርሲ፣ ሲበዛ ወደ ባሌ ይወዛወዛል እንጂ ከዚያ አይወጣም። ከማይታወቅ አገር የመጣ በሬ አዲስ አበባ ውስጥ ታርዶ አያውቅም። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት፣ በብዛትም ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር ናት፤ ፎገራ አለ፣ ሆሮ አለ፣ በጋይት አለ። እነዚህ ሁሉ ወዴት እንደሚሄዱ መላምት ብቻ ነው ያለን። አንደኛው መላምት መንገድ ላይ ሐረሬ ይሆናሉ የሚል ነው።

ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ የሐረርጌ ሰንጋ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፤ በሬውን ለግጦሽ አይለቀውም። አስሮ፣ ከማሳው ያሳሳውን የማሽላና የበቆሎ እሸት አገዳ እያጨደ፣ በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። በሬው መጀመሪያ ያርሳል፤ ከእርሻ ጡረታ ሲወጣ ይታሰራል፣ ይጎርሳል፣ ይወፍራል፣ ለገበያ ይቀርባል። እንግዲህ ማታ ጮማ እያልን የምናሞግሰው አካል የአንድ ባለሙያ ገበሬ የወራት ድካም ነው። የአውሮፓው ወረቀት ይህንን ሁሉ በሁለት አንቀጽ ይጽፈው ነበር፣ የገበሬውን ስምም ይጨምርበት ነበር። እኛ «የሐረር ነው» ብለን አንድ ክፍለ ሀገር እናመሰግናለን፤ ያጎረሰው እጅ ግን ከጠረጴዛችን ላይ ስሙ ተነሥቶ አያውቅም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የተገኘው ግኝት አጥኚውን አስደንግጧል። ቄራ ውስጥ የታረደ በሬ በእንስሳት ሐኪም ታይቶ፣ ደኅና መሆኑ ሲረጋገጥ ሥጋው ላይ ማህተም ይመታበታል። በሥጋ ቤቱ ውስጥ ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ የተማረ ሰው የመሰከረበት ይህ ብቻ ነው። መራጩ ከማህተሙ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ጣቱን ይጭናል፤ ማህተሙን ግን አያነብም። ቃል አለ አይደል፤ ቃል እያለ ወረቀት ምን ይሠራል?

ከትውልድ አገሩ ጥያቄ በኋላ የብልቱ ጥያቄ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሻኛ፣ ሽንጥ፣ ጎድን ተዳቢት፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ፍሪምባ፣ ወርች፣ ጭቅና፣ ሳልገኝ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እነዚህን በዐይኑ ለይቶ ያውቃል፤ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ስንት ዓመት ተምሮ የሚደርስበትን። ቀድሞ በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ብልት የሹመት ምልክት ነበረ፤ የትኛው ሥጋ ለየትኛው ባለሥልጣን እንደሚሰጥ ሥርዓት ተጽፎለታል። በምኒልክ አዳራሽ ሺዎች በየተራ ሲገቡ ጥሬ ሥጋው በእንጨት ተሰቅሎ፣ ሁለት ሰዎች ተሸክመውት በተሰብሳቢው መካከል ያልፍ ነበር፤ የተቀመጠው ከዚያው ላይ ይቆርጣል። ዛሬ ሹመቱ ቀርቶ ኪሎው ሆኗል። የአንድ ኪሎ ዋጋ የያዘ ሁሉ ሻኛ ያዛል። ይህ በአገራችን ያለ ምንም ሰልፍና አዋጅ የተከናወነ የእኩልነት እርምጃ ሲሆን፣ ኪሎው የሚጨምረው ዋጋ ግን ነገሩን ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ሥርዓት እየመለሰው ነው።

ስለ ቁርጣችን ለውጭው ዓለም በሰፊው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1769 ምጽዋ ደርሶ ጎንደር ከርሞ ተመለሰ፤ በ1790 መጽሐፉን በአምስት ቅጽ አሳተመ። በአክሱም አቅራቢያ ወታደሮች አንዲት ላም እየነዱ ሳለ ከታፋዋ ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳዋን መልሰው ሸፍነው፣ እንደገና ሲነዷት አየሁ አለ። ለንደን ሳቀበት። የአባይን ምንጭ አየሁ ሲልም ብዙ ሰው አላመነውም፤ ነገር ግን ከሁሉ ያሳቀው ላሟ ናት። ብሩስ ለወግ ያህል ከአባይና ከላሟ አንዱን መተው ነበረበት። አጥኚው በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም፤ የሚጠቅሰው ብሩስም ቢሆን ላሟ የየት አገር እንደነበረች አለመጠየቁን ለማስመዝገብ ብቻ ነው።

ሥጋው መጥቷል። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ፣ ግማሽ ኪሎ ጥብስ፤ ይህ አከፋፈል ጥሬ ለሚፈሩ ሁለት ሰዎች ሲባል የተደረገ ነው ቢባልም ቁርጡን የሚጨርሱት እነሱው ናቸው። ቆራጩ ከሚዛኑ ላይ አንሥቶ ምርቃት ጣል አድርጓል። ምርቃቷ ስንት ግራም እንደሆነች ሚዛኑ አያውቅም፤ ከእርሷ በፊት የተመዘነው ስንት እንደነበረም አንዳንዴ አያውቅም። አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ሰናፍጭ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ እንጀራ። ቢላዋ ለእያንዳንዱ።

አሁን አስተናጋጇ ትመጣለች። «ማወራረጃ ምን ላምጣ?»

በዚህ ቅጽበት ፈታሹ ይጠፋል። በሬውን ጣቱን ጭኖ የመረመረው ሰው «ቀይ ወይን አምጪ» ይላል፤ ጉደር ይሁን አክሱማይት፣ አካሺያ ይሁን ሪፍት ቫሊ፣ ስለ ዓመቱ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ መሬቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ። «ኮካም ጨምሪ።»

ወይኑ ግን የሚነገር ታሪክ አጥቶ አይደለም። ጉደርንና አክሱማይትን የሚጠምቀው የአዋሽ ወይን ፋብሪካ ንጉሡን አይቷል፣ በደርግ ተወርሷል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ኤይት ማይልስ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅትና ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተሽጧል። የኤይት ማይልስ ሊቀ መንበር ቦብ ጌልዶፍ ነበር። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ዘፋኞችን ሰብስቦ ያዘፈነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ላይቭ ኤይድ የተባለውን ትልቁን ኮንሰርት ያሰናዳው ሰው ማለት ነው። በረሃባችን የተዋወቅነው ሰው በመጠጣችን ተመልሶ መጣ። ይህንን ታሪክ የያዘ ጠርሙስ ፈረንሳይ ውስጥ ቢሆን ገና ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ያስወራ ነበር። እኛ ዘንድ ኮካ ይጠብቃል።

ሁለተኛው የወይን ታሪክ ደግሞ ዝዋይ ላይ አለ። የፈረንሳዩ ካስቴል፣ ቢራችንን ከያዘ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የወይን ተክል ተከለ፤ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሲራህ፣ ሜርሎ፣ ሻርዶኔ። የመጀመሪያው ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ወጣ። እርሻው ሐይቅ አጠገብ በመሆኑ ጉማሬ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ቦርዶ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፣ ጉማሬ ግን የለም። ከጉማሬ የተረፈ ወይን እየጠጡ ስለ በሬ ብቻ ማውራት ከታሪክ አንጻር አድልዎ ነው።

በወጣቱ ዘንድ ነገሩ ከዚህም አልፏል። ነጭ ወይን፣ ቢራና ስፕራይት በአንድ ማንቆርቆሪያ ተገናኝተው ቱርቦ ይባላሉ። የፈረንሳዩን የ1935 ሕግ ያረቀቁ ሰዎች ቱርቦን ሳያዩ ማለፋቸው ለእነሱም ለእኛም መልካም ሆኗል።

እስከዚህ ድረስ አጥኚው ፍርዱን ጽፎ ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር፤ በሥጋ ሊቅ፣ በወይን ጨዋ ብሎ። ይሁን እንጂ ሳይንሱ ሲታይ ጉዳዩ ተገለበጠ።

ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ካፕሳይሲን ምላስ ላይ ሙቀትን የሚለይ ነርቭ አግኝቶ «እሳት!» ብሎ ይጮኽበታል። አልኮል ይህንኑ ነርቭ ይበልጥ ያነቃዋል። ደረቅ ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ታኒን ደግሞ አፍን ያደርቃል፣ ምራቅን ያሳጣል። ስለዚህ ሚጥሚጣ ነክሮ በደረቅ ካቤርኔ የሚያወራርድ ሰው እሳቱን በነዳጅ እያጠፋ ነው። ስኳር በተቃራኒው ቃጠሎውን ያበርደዋል። የወይን ጠበብት ለሚያቃጥል ምግብ ጣፋጭነት ያለው፣ አልኮሉ ዝቅ ያለ መጠጥ የሚመክሩት ለዚህ ነው። አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ቀዝቃዛ። ጉደር በኮካ ማለት ነው።

ውጤቱ አሳፋሪ ነው፤ ለማን እንደሆነ ግን ገና አልተወሰነም። የጠየቅነው ሥጋ መልሱ አይረጋገጥም። ያልጠየቅነው ወይን በትክክል ተጣምሯል። ከውጭ ቆይቶ የመጣው ዘመድ ኮካውን አይቶ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ የራሱን ደረቅ ወይን በብርጭቆ እያዞረ፣ እንባው በጉንጩ የሚወርደው ለባህል መጥፋት አዝኖ አይደለም፤ ሚጥሚጣው ነው። እሱም ቢሆን መፍትሔ አለው። ጥሬ ሥጋ ያለ ሚጥሚጣ፣ ጨው ብቻ ነስነስ ተደርጎበት ከደረቅ ቀይ ወይን ጋር ደኅና ይስማማል፤ ታኒኑ የሥጋውን ፕሮቲን ይዞ ይለዝባል። ሆኖም ቁርጥ ያለ ሚጥሚጣ የሚበላ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ምን ዓይነት አስተያየት እንደሚጠብቀው አንባቢ ያውቃል።

መቼም ስለ ቁርጥ ሲወራ ሌላኛው ተመጋቢ ሊዘለል አይገባም። ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል፤ እኛ የኮሶ ትል እንለዋለን። ከበሬ ወደ ሰው በጥሬ ሥጋ ይሻገራል፣ አንጀት ውስጥ ይቀመጣል፣ 5 ሜትር መድረስ ለእሱ ተራ ነገር ነው። የአሳማው ዘመዱ ክፉ ነው፤ እጩ ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል። የበሬው ግን በአንጀት ይረካል፤ አሳማውን በር ላይ መሸኘታችን ከሃይማኖትም ሌላ ጥቅም ነበረው። አባቶቻችን መድኃኒቱን ከኮሶ ዛፍ አበባ አግኝተው በየሁለት ወሩ ገደማ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር። ያን ቀን እንግዳ አይቀበሉም። «ኮሶ ጠጥተዋል» የተባለ ባለሥልጣን ደጃፍ ላይ የተሰለፈ ባለጉዳይ ሌላ ቀን ይመለሳል፤ በዚህ መሥፈርት ዛሬም በየቢሮው ኮሶ የሚጠጣው ብዙ ነው። አረቄ ትሉን ይገድለዋል የሚለው እምነት በጠረጴዛው ዙሪያ የጸና ቢሆንም ትሉ አልሰማም። የሚገድለው ሙቀት ነው፣ አለዚያም ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን ማቆየት። «ዛሬ ጠዋት የገባ» ከሚለው ጋር ይህ እንዴት እንደሚታረቅ ተጨማሪ ምርምር ያስፈልገዋል።

ሒሳብ ሲመጣ ጋባዡ ሥራውን ይጀምራል። የተቀሩት ሦስቱም እጃቸውን ወደ ኪስ ይልካሉ፤ «በሞቴ»፣ «እምቢ አልኩ»፣ «ዛሬ የኔ ነው» ይባባላሉ። አስተናጋጇ ከዚህ ትግል በስተጀርባ የትኛው እጅ ባዶውን እንደሚወጣ በልምድ ስለምታውቅ ወረቀቱን ቀድሞውኑ ጋባዡ ፊት ነው ያስቀመጠችው። መራጩ አይከፍልም። መራጭ ከፍሎ አያውቅም፤ እሱ ሙያውን ነው ያዋጣው።

ይህ እንግዲህ የሚሠራው ጾም ባልሆነ ቀን ነው። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናቱ እስከ 250 ቀን ይጾማሉ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን አብዛኛው ሥጋ ቤት መዝጊያውን ያወርዳል፣ ቆራጩም አገሩ ገብቶ ይመለሳል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለሚበላ፣ ለዚህ ጥናት የመረጃ መሰብሰቢያው ወቅት ያ ነው።

በመጨረሻም ለአንባቢ የሚሰጠው ምክር ይህ ነው። ማህተሙን ያንብቡ። ሚጥሚጣ የሚያበዙ ከሆነ ጣፋጩን አክሱማይት ይዘዙ፤ ጉደርም ከሆነ ኮካውን ያለ ሐፍረት ይጨምሩበት። ደረቅ ወይን ካሉ ሚጥሚጣውን ይተዉት። ኮሶው ቢቀር ጤና ጣቢያ ብቅ ብለው መድኃኒቱን ይውሰዱ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የሚሄዱ ደግሞ በጊዜ ይሂዱ፤ በማግሥቱ ጾም ስለሆነ ሻኛ ከሁለት ሰዓት በኋላ አይገኝም።